ጦሳ ወጥቶ መውረድ፦ የተራራ ጉዞ ጉዳት ከየት ይመጣል?

ደሴ ውስጥ ሆኖ ቀና ሲል ጦሳ ተራራን ያላየ ሰው የለም፣ አሁን አሁን ደግሞ ማየቱ ቀርቶ መውጣቱም እየተለመደ መጥቷል። ቅዳሜና እሁድ በቴሌግራም ተጠራርቶ ሃይኪንግ የሚሄደው ወጣት አለ፣ ላሊበላን ሊያይ ሄዶ እዚህ ከደረስኩማ አቡነ ዮሴፍ ተራራንም ልሞክረው የሚለው አለ፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣው ምእመንማ ስፍር ቁጥር የለውም። ታዲያ ስለ አደጋው የሚወራው ነገር በጣም የተደበላለቀ ነው። አንዱ ወሎዬ ደገኛ ነው ከፍታ ምን ያደርገዋል ይላል፣ ሌላው እዛ ላይ ኦክስጅን ያልቃል ልብ ያቆማል ብሎ ያስፈራራል፣ ሌላው ደግሞ ሰው ሲታመም ምች ነው ብርድ ነው ብሎ ያልፈዋል። በሁሉም ውስጥ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ፣ ግን ከሁሉም ወሬ ውስጥ የሚጎድለው መውረዱ ነው። ሰው አቅዶ ተዘጋጅቶ የሚሄደው ለመውጣት ነው፣ አብዛኛው መውደቅና ስብራት የሚመጣው ግን ሲወርድ ነው፣ ደግሞ የሚገርመው ለከፍታ ሕመም ዋናው መድኃኒትም ያው መውረድ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከቁልቁለቱ በኩል ብናየው ብዙ ነገር ይገለጥልናል።

አየሩ ሳሳ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሲጀመር ኦክስጅን አያልቅም። ከአየር ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ ባሕር ዳርቻም ሆነ ተራራ ጫፍ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከኛ በላይ ያለው አየር እያነሰ ስለሚሄድ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅንም ያንሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ግፊቱ ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ 80 በመቶ ገደማ ነው፣ ደሴና ላሊበላ ሁለቱም 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው፣ እዛ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል፣ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ 4,260 ሜትር ገደማ ላይ ደግሞ 60 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ላሊበላ አድሮ በአንድ ቀን ጫፍ ልድረስ ያለ ሰው 1,700 ሜትር ከፍታ በአንዴ ጨመረ ማለት ነው።

ሰውነት ለዚህ መልስ አለው ግን ጊዜ ይፈልጋል። ወዲያው ትንፋሽና የልብ ምት ይፈጥናል፣ በቀናት ውስጥ ኩላሊት የደሙን ኬሚስትሪ ያስተካክላል፣ ቀይ የደም ሴል እስኪጨምር ግን ሳምንታት ይፈጃል። ይሄ ሂደት አክላይማታይዜሽን ይባላል፣ ከፍታን መላመድ ብንለው ይገባል። ሳይላመዱ ቶሎ ሲወጣ የሚመጣው ነው እንግዲህ የከፍታ ሕመም የሚባለው። ብዙ ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው የሚታየው፣ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት ይጀምራል፣ ከሱ ጋር ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት አለ፣ ልክ ብዙ ጠጥቶ እንዳደረ ሰው ያደርጋል። ቀላሉ ዓይነት ከፍታ ሳይጨምሩ በማረፍ ብቻ ይሻላል።

የሚያስፈራው ሁለቱ ከባድ መልኮቹ ናቸው። አንደኛው ሳንባ ውሃ ሲቋጥር ነው፣ ሰውየው አርፎ ተቀምጦ እንኳን ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቅ ሳል ይጀምረዋል፣ ከባሰ ሮዝ የመሰለ አረፋ ያስተፋዋል። ሁለተኛው የአንጎል እብጠት ነው፣ መዘላበድ ይመጣል፣ ሳይጠጣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ይሄን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፣ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያስነካ እንዲራመድ ማድረግ ነው። ከተንገዳገደ እስኪነጋ እንጠብቅ የለም፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ነው፣ ምልክቱ እስኪሻል ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ ይፈልጋል። ሳንባው ውሃ የቋጠረ ሰው ደግሞ በእግሩ በለፋ ቁጥር ይብስበታል፣ ስለዚህ በቅሎ ካለ በቅሎ ላይ ከሌለ በሰው ሸክም ነው መውረድ ያለበት።

ይሄን ያህል ካልኩ ግን ሚዛኑን ማሳየት አለብኝ። ከባዶቹ ዓይነቶች የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ከፍታ ላይ ካደሩ በኋላ ነው፣ ጦሳን ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት የሚወርድ ሰው ላይ እምብዛም አይጠበቁም። ሥጋቱ የሚያድገው አቡነ ዮሴፍ ላይ ድንኳን ተክሎ ለሚያድረው ወይም ደቡብ ወሎ አምባ ፈሪት የመሰለ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ ቦታ ላይ ቀናት ለሚያሳልፈው ነው። ለዛ ዓይነቱ ጉዞ የሚመከረው ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው፣ ቀን ከፍ ብሎ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ይቻላል። ዳያሞክስ በሚለው ስሙ የሚታወቀው አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒትም መላመዱን ያፋጥናል፣ ግን ሰልፋ የሚባሉ መድኃኒቶች የማይስማሙት ሰው አለ፣ ስለዚህ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳያናግሩ ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ አይሆንም።

"እኛ ደገኞች ነን"

ይሄ ክርክር ዝም ብሎ ጉራ አይደለም፣ ሳይንስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 የአማራ ደገኞችን ለክቶ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል፣ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢናቸውም ዝቅ ብሎ ከሚኖር ሰው ብዙም የራቀ አልነበረም። በዛ ዘመን ይታወቅ የነበረው ሌላ ነው፣ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸውን አወፍረው ሄሞግሎቢን ጨምረው ነው የሚቋቋሙት፣ የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ብዙ ሳይጨምር የደማቸው ኦክስጅን ዝቅ ብሎ ነው የሚኖሩት፣ የኢትዮጵያ ደገኛ ግን ከሁለቱም አልገጠመም። በእውነት የሚያኮራ ነገር ነው።

ችግሩ ግን ጥናቱ የሚለው እዛው ከፍታ ላይ ተወልዶ እዛው ስለሚኖር ሰው ነው። ኮምቦልቻ ወይም ቆቦ ያደገ ልጅ፣ አያቱ የደላንታ ሰው ስለሆኑ ብቻ ሳንባው የደላንታ አይሆንም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ወሎን በደንብ የሚመለከት ጉዳይ ነው፣ ከወሎ ስንት ሰው ነው ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ቤሩት ዓመታት ቆይቶ የሚመለሰው? ደጋ ተወልዶ ቆላ የከረመ ሰው መላመዱን በሳምንታት ውስጥ ነው የሚያጣው። በፔሩ ደገኞች ላይ በደንብ የታወቀ ነገር አለ፣ ዝቅ ያለ አገር ቆይተው ወደ ቀያቸው ሲመለሱ ያ የሳንባ ውሃ መቋጠር ይይዛቸዋል፣ አገሬ ነው እያሉ በገዛ ሰፈራቸው ይታመማሉ። ስለዚህ ከአረብ አገር በሰኞ ገብታ ስእለት አለብኝ ብላ በዛው ሳምንት አምባ የምትወጣ እህት ደገኛ ነኝ ብላ መዘናጋት የለባትም፣ ደሴ ወይም ላሊበላ ሁለት ሦስት ቀን አርፋ ብትወጣ ስእለቱም ይደርሳል።

ራስ ምታት ሁሉ የከፍታ አይደለም

እዚህ ጋ ትንሽ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል ምክንያቱም የከፍታ ሕመም የሚለው ቃል እየታወቀ ሲመጣ ሁሉንም ነገር እሱ ላይ መለጠፍ ይጀመራል። የከፍታ ሕመም በአብዛኛው ትኩሳት የለውም። ከቆቦ፣ ከባቲ ወይም ከአፋር በኩል መጥቶ ተራራ ላይ ራሱን ያመመውና ያተኮሰው ሰው መጀመሪያ ለወባ መመርመር ነው ያለበት።

ሌላው ከሰል ነው። ደጋ ላይ ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሰው ድንኳን ወይም ጠባብ ጎጆ ውስጥ የከሰል ምድጃ ያስገባና ዘግቶ ይተኛል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የሚያመጣው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ደግሞ ከከፍታ ሕመም ጋር ቁርጥ አንድ ነው። መለያው ይሄ ነው፣ አብረው ያደሩት ሁሉ በአንዴ ከታመሙና ወጥተው ንጹሕ አየር ሲያገኙ ከቀለላቸው ጥፋተኛው ከሰሉ ነው። በኮቪድ ጊዜ የተለመደችው ጣት ላይ የምትቆነጠጠዋ የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ ታታልላለች፣ በከሰል ጭስ የተመረዘን ሰው ደህና ነው ብላ ልታሳይ ትችላለች።

ቁልቁለት ላይ ጉልበት ለምን ይከዳል?

ዳገት ሲወጣ የሚለፋው ልብና ሳንባ ነው። ስለዚህ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም ስኳር ያለበት ሰው በተለይ ዕድሜው ገፋ ካለ፣ አደጋው ዳገቱ ላይ ነው፣ በአውሮፓ አልፕስ ተራሮች ላይ ከሚታወቁት ዋና ዋና የሞት ምክንያቶች አንዱ የልብ ድንገተኛ ማቆም ነው። ግሸን የሚወጡ እናቶችና አባቶች ለበረከት ብለው የግፊት ወይም የስኳር ክኒናቸውን ለቀናት የሚያቆሙ ካሉ ይሄን ልጆቻቸው በፍቅር ሊያስረዷቸው ይገባል፣ ክኒኑ ከጸሎቱ ጋር አይጣላም።

ለጤነኛው ወጣት ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ቁልቁለት ሲወረድ የጭን የፊት ጡንቻ ሥራው መግፋት መሆኑ ይቀርና ፍሬን መያዝ ይሆናል፣ እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማል፣ እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ጡንቻውን በጥቃቅኑ ይበጣጥሰዋል። ትንፋሽ ስለማያጥር ሰው የደከመው አይመስለውም፣ ፍጥነት ይጨምራል፣ ያወራል፣ ስልክ ያወጣል፣ ድንገት ጉልበቴ ከዳኝ የሚባለው ያኔ ነው። የጉልበት ሎሚ ዙሪያ ያለው ሕመም፣ የቁርጭምጭሚት ወለምታ፣ በእጅ ተደግፎ ሲወድቅ የሚመጣው የእጅ አንጓ ስብራት፣ አብዛኞቹ የሚመጡት በዚህ መንገድ ነው። በሩቁ ኤቨረስት ላይ እንኳን ነገሩ ተመሳሳይ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 2006 የነበሩትን ሞቶች ያየ ጥናት ከ8,000 ሜትር በላይ ወጥተው ከሞቱት ከግማሽ የሚበልጡት ጫፉን ረግጠው ሲመለሱ እንደሆነ አግኝቷል። ቁመቱ አይወዳደርም፣ ጸባዩ ግን አንድ ነው፣ ጉልበትም ትኩረትም ወደ ላይ ሲወጣ ያልቃል።

ያገራችን ደገኛ ገበሬ ያለ ዱላ ከቤቱ አይወጣም፣ ይሄ ልማድ ብቻ አይደለም። በዱላ የሚወርድ ሰው ክብደቱን ከጉልበቱ ወደ ክንዱ ያካፍላል፣ ሦስተኛ እግርም ያገኛል፣ ፈረንጆቹ ውድ ብር አውጥተው የሚገዙት የሃይኪንግ ዱላ ሥራው ይሄው ነው። ጫማው ላይ ደግሞ ከዋጋው ይልቅ የሶሉ ጥርስ ነው ወሳኙ፣ ለከተማ አስፋልት የተሠራ ልሙጥ ስኒከር እርጥብ ሣርና ጭቃ ላይ ሳሙና ነው። መስከረም 21 ደግሞ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ መንገዱ በደንብ አልደረቀም፣ ሕዝቡም ብዙ ነው፣ ጠባብ ቁልቁለት ላይ አንድ ሰው ሲወድቅ ከኋላ ያለው ማቆም ስለማይችል በላዩ ላይ ይወድቃል።

ስለ ጫትና አረቄም መነሳት አለበት። ጫት ቅሞ የወጣ ሰው ድካሙ አይሰማውም፣ ረሃቡም ይጠፋል፣ የልብ ምቱና ግፊቱ ግን ከፍ ብሏል፣ ምርቃናው የሚለቀው ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ነው። አረቄ ያሞቃል የሚባለው ቆዳ ላይ ያለውን የደም ሥር ስለሚከፍት ነው፣ ሙቀቱ የሚሰማን ከሰውነት እየወጣ ስለሆነ ነው እንጂ እየገባ አይደለም፣ ማታ ደግሞ ትንፋሽን ያዘገያል።

ብርዱ ራሱ በአጭሩ፦ በ1,000 ሜትር ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ በቲሸርት የተነሳ ሰው አቡነ ዮሴፍ ጫፍ ላይ 15 ዲግሪ ያህል የሚቀዘቅዝ አገር ነው የሚጠብቀው። ጋቢ ጥጥ ነው፣ ከራሰ ውሃ ይዞ ሙቀት ይመጠምጣል፣ የደጋ ሰው የሚለብሰው በርኖስና ባና ግን የበግ ጸጉር ስለሆነ ረጥቦም ያሞቃል። በክረምት ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስላለ ነጎድጓድ ከተሰማ ከጫፉና ለብቻው ከቆመ ዛፍ መራቅ ነው።

ገደል በገመድ መውጣት ወሎ ላይ ያዋጣል?

ሮክ ክላይምቢንግ ማለትም ቀጥ ያለ ድንጋይ በእጅና በእግር ብዙ ጊዜም በገመድ ታግዞ መውጣት፣ እ.ኤ.አ. ከ2021ዱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጀምሮ የኦሎምፒክ ስፖርት ሆኗል፣ ቪዲዮውም ቲክቶክ ላይ ሞልቷል። በዚህ ስፖርት ብዙ ከሚጎዱት ነገሮች የመጀመሪያው ጣት ነው፣ ጅማቱን ከአጥንት ጋር አጣብቀው የሚይዙት ቀለበት መሰል ማሰሪያዎች በተለይ የቀለበት ጣት ላይ ይበጠሳሉ፣ ሲበጠሱ ጷ የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ሲወድቁ ደግሞ እግርና ቁርጭምጭሚት ነው።

ወሎ ላይ ግን ከጣቱ በፊት ድንጋዩ ያሳስበኛል። ተራሮቻችን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየተደራረበ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው፣ ጠንካራ ባዛልት ነው፣ ከሥሩ ለስላሳ አመድና አፈር አለ፣ ደግሞ ባዛልት፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለስላሳው በዝናብ ሲሸረሸር የላይኛው ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ራሱ ባዛልቱም በስንጥቅ የተሞላ ነው። የተያዘው ድንጋይ ተነቅሎ እጅ ላይ ይቀራል፣ ከላይ የቆመው ጓደኛ የረገጠው ደግሞ ታች ያለውን ይመታል። ደሴ ዙሪያ መሬት መንሸራተት የሚደጋገመውም አንዱ ምክንያቱ ይሄው ነው። ስለዚህ ጦሳን በመንገዱ መውጣትና እዛው ደሴ ዙሪያ ያለውን የአዝዋን ገደል ያለ ገመድ፣ ያለ ሄልሜት፣ ያለ አሠልጣኝ ለቪዲዮ ብሎ መሞከር ጭራሽ አንድ ነገር አይደሉም። ከ6 ሜትር፣ ማለትም ከሁለት ፎቅ ያህል የወደቀ ሰው መሬት ሲነካ በሰዓት ወደ 39 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው።

ይከልከል የሚሉ አሉ፣ ማንም ያለ ጋይድ አይውጣ የሚሉም አሉ። የሚከለከል አይመስለኝም፣ እረኛውም ገበሬውም ምእመኑም በየቀኑ የሚሄድበትን ተራራ ማን ይዘጋዋል? የአካባቢ ጋይድ መቅጠር ግን ትክክል ነው፣ መንገዱን ከማወቁም በላይ በቅሎ ያለው ማን እንደሆነ፣ መኪና የሚደርሰው የት ድረስ እንደሆነ፣ ኔትወርክ የሚይዘው የቱ ጉብታ ላይ እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው። ጋይድ ለመቅጠር አቅም የሌለው ተማሪ ቡድን ደግሞ ቢያንስ የመመለሻ ሰዓት ቆርጦ ይውጣ፣ 12 ሰዓት ላይ ይመሻል፣ ስለዚህ ረዘም ባለ ጉዞ 7 ሰዓት ሲሆን ጫፉ ቀረም አልቀረም ፊትን ማዞር ነው።

ወጌሻ ወይስ ሆስፒታል?

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እግር የሚያሳጣው ከመውደቁ ይልቅ ከወደቁ በኋላ ባሉት ሰዓታት የሚደረገው ነው። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሰው ያምነዋል፣ ቀላል ወለምታና ውልቃት ላይ ስንቱን ያሻለ ነው፣ ይሄን መካድ ትክክል አይደለም። በሌላ በኩል የአጥንት ሐኪሞች አገራችን ውስጥ እግርና እጅ ለመቁረጥ ከሚገደዱባቸው ምክንያቶች አንዱ ስብራት በቀርከሃ ተጠፍሮ ታስሮ መቆየቱ ነው ይላሉ፣ ይሄም እውነት ነው።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። የባትና የክንድ ጡንቻዎች በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ተከፋፍለው የተቀመጡ ናቸው። አጥንት ሲሰበር ውስጡ ይደማል ያብጣል፣ ሽፋኑ ስለማይለጠጥ ግፊቱ ይጨምራል፣ በስተመጨረሻ ደም መግባት ያቅተዋል። ኮምፓርትመንት ሲንድሮም ይሉታል። ከውጭ ደግሞ በገመድና በቀርከሃ ዙሪያውን ከተጠፈረ ግፊቱ በሁለት በኩል ሆነ ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ጡንቻ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ መሞት ይጀምራል። ምልክቱ ከስብራቱ ከሚጠበቀው በላይ የሆነ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ነው፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲያንቀሳቅሳቸው ያስጮኻል፣ ከዛ መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ፣ የጣት መገርጣት ወይም መጥቆር ይመጣል። እዚህ ላይ ቻል አድርገው፣ ወንድ አይደለህም እንዴ የሚባለው ምክር እግር ያስቆርጣል። ማሰሪያው ወዲያው መላላት አለበት።

ስለዚህ ክርክሩን ወጌሻ ይቅር አይቅር ላይ ብቻ ማድረግ የሚጠቅም አይመስለኝም። ወጌሻው ራሱ ሦስት ነገር ቢያውቅ ብዙ እግር ይተርፋል፣ ቆዳው የተቀደደና አጥንት የታየበትን አለመንካት፣ ዙሪያውን አለመጥፈር፣ ያሰረውን ሰው ደግሞ ጣቶቹን በየሰዓቱ ማየት። ተራራ ላይ ላለ ጓደኛም ሕጉ ያው ነው፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ እንዳይንቀሳቀስ በጨርቅ በተጠቀለለ ዱላ በሁለት በኩል ደግፎ ላላ አድርጎ ማሰር፣ ጣቱ ክፍት ሆኖ እንዲታይ መተው። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ መጫን ነው እንጂ ቡና ወይም አፈር መነስነስ አይደለም፣ መንጋጋ ቆልፍ የሚገባው በቆሸሸ ቁስል ነው። ከገደል የወደቀና ጀርባዬን ወይም አንገቴን አመመኝ ወይም እግሬ አይሰማኝም ያለ ሰው ደግሞ በቅሎ ላይ አይጫንም፣ አይታዘልም፣ ጭንቅላቱና ገላው በአንድ መስመር እንዳሉ ለብዙ ሆኖ በቃሬዛ ነው የሚወርደው።

የቃሬዛ ጉዞ ረጅም ነው። ተሸካሚ መቀያየር አለበት፣ ቁልቁለቱ ተሸካሚዎቹንም ይጥላል፣ ከዛ መኪና እስኪገኝ፣ ከዛ ጤና ጣቢያ፣ ከዛ ሪፈር ተጽፎ ደሴ ወይም ወልዲያ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ብዙ የወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈውና ወድመው እንደነበር ይታወሳል፣ ስለዚህ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ራጅ አለው ብሎ መገመት አይቻልም፣ ቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ስድስቱ ሰዓት መንገድ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደግሞ ሁለት ነገር ነው፣ መቼ ወደቀ፣ መቼ ታሰረ። በድንጋጤ ውስጥ ይሄን የሚያስታውስ ሰው ስለማይገኝ ከቡድኑ አንዱ ሁለቱንም ሰዓት ስልኩ ላይ ይጻፋቸው፣ ስልኩ ባትሪ ከጨረሰ ማሰሪያው ጨርቅ ላይ በእስክሪብቶ።